ምዕራፍ ስምንት፦ ሳይዝሉ መዝለቅ

የምዕራፉ ዓላማ

ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ ተምረው ሲጨርሱ፤
1. አስረጂ ጽሑፍ አንብበው ዋናውን ሐሳብ ከዝርዝሩ ለይተው ያወጣሉ፤
2. በምንባቡ ውስጥ የገቡትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገብተው ይጠቀሙባቸዋል፤
3. የቦዝ አንቀጽን አፍራሽ በትክክል ይመሠርታሉ፤
4. የራሳቸውን ጊዜ አከፋፈል የሚያስረዳ ድርሰት ይጽፋሉ።

ሀ. ከማንበብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።
1. አንድን ሥራ በጀመሩበት ትጋት መቀጠል የሚያዳግተው ለምን ይመስላችኋል?
2. «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ያስተምራል?
3. ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚታይ ቪዲዮ ለማዘጋጀት ስንት ሰዓት የሚፈጅ ይመስላችኋል?

ለ. ምንባብ

ሳይዝሉ መዝለቅ

ሰው ያየውንና ያሰበውን ለሌላው ለማካፈል በየዘመኑ ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ሲጠቀም ኖሯል። አዋጁን በነጋሪት ሲያስነግር፣ ታሪኩን በብራና ላይ ሲጽፍ፣ ቈይቶም መልኩንና ድምፁን በፊልም ሲቀርጽ ከኖረ በኋላ፣ በዘመናችን ሁሉንም አጣምሮ በኪሱ በሚይዘው ስልክ አማካይነት ወደ ሩቅ አገር ለመላክ በቅቷል። ዩቲዩብ በሚባለው መድረክ ላይ የመጀመሪያው ቪዲዮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር። ርዝመቱ 19 ሴኮንድ ብቻ ሲሆን፣ ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ የነበረው ጃዌድ ካሪም በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ መካነ አራዊት በዝሆኖች ፊት ቆሞ ሲናገር የሚያሳይ ነው። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮ ማዘጋጀት ለአንዳንዶች መተዳደሪያ፣ ለሌሎችም ማስተማሪያና መጫወቻ ሆኗል። በአማርኛም የወጥ አሠራር የሚያሳዩ፣ የሒሳብ ጥያቄ የሚፈቱ፣ ተረት የሚተርኩና ዜና የሚያትቱ አዘጋጆች በአገር ውስጥም በውጭ አገርም ጥቂቶች አይደሉም።

ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ መጀመርና መዝለቅ ለየቅል ናቸው። ብዙ ወጣቶች በመጀመሪያው ወር በየቀኑ፣ በሁለተኛው ወር በየሦስት ቀኑ ቪዲዮ ሲለቁ ይታዩና በሦስተኛው ወር ድምፃቸው ይጠፋል። ይህንንም ያየ ሰው «ሰነፈ» ይላል። ነገሩ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚያቋርጠው ሰው የጐደለው ትጋት አይደለም፤ የጐደለው ልክ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ቀጥለን እንመለከታለን።

ድካምና ዝለት

ማንኛውም የሚሠራ ሰው ይደክማል። ገበሬ ሲያርስ ውሎ፣ ሸማኔ ሲሸምን አምሽቶ፣ ተማሪም ሲያጠና አድሮ ይደክማል። ይህ ዓይነቱ ድካም በልተውና ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ በመሆኑ የሚያሠጋ አይደለም። ዝለት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ሰውየው ተኝቶ ሲነሣ ዝለቱም አብሮት ይነሣልና።

ስለዚህ ችግር ቀድመው ከጻፉት ሰዎች አንዱ በጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቡና ባለሙያ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው። ፍሮይደንበርገር በኒው ዮርክ ከተማ ድኾች በነጻ በሚታከሙበት ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ ሲሠራ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ቀስ በቀስ ኃይላቸው ሲሟጠጥና ጠባያቸው ሲለወጥ አስተዋለ። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጽሑፍ ሲያብራራ፣ ለዝለት ይበልጥ የሚጋለጡት ሰነፎቹ ሳይሆኑ ለሥራው ራሳቸውን የሰጡት መሆናቸውን አመለከተ። ይህ ቁም ነገር በሚገባ ሊጤን ይገባዋል።

የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ዝለትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክሥተት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም ብሎ ሲመድበው፣ መንሥኤው በሥራ ላይ የሚደርስና በጊዜው መላ ያልተበጀለት የቈየ ጭንቀት መሆኑን ገልጾ ሦስት ምልክቶችን ዘርዝሮለታል። አንደኛው የኃይል መሟጠጥ ነው። ሁለተኛው ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን ማማረርና መናቅ ነው። ሦስተኛው የሥራ ውጤት ማነስ ነው። እነዚህን ምልክቶች ወደ ቪዲዮ ሥራ ብናመጣቸው፣ ስልኩን ለቀረጻ ማንሣት ድንጋይ የማንሣት ያህል የከበደው፣ ትናንት ይወዳቸው የነበሩትን ተመልካቾች ዛሬ የሚያማርር፣ በአንድ ሰዓት ይጨርሰው የነበረውንም ቅንብር በአራት ሰዓት የማይፈጽም ሰው ዝለት ደርሶበታል ማለት ነው።

አሠሪውም ሠራተኛውም አንድ ሰው ሲሆን

ለመሆኑ የቪዲዮ ሥራ ለዝለት የሚያጋልጠው ለምንድን ነው? ምክንያቶቹ ብዙ ሊሆኑ ቢችሉም ሦስቱ ዋና ዋናዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ምክንያት ሥራው ወሰን የሌለው መሆኑ ነው። በፋብሪካ ወይም በመሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራን ሰው የሥራ ሰዓት ሕግ ይወስንለታል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ለወጣት ሠራተኞችማ ጥበቃው ከዚህም ይጠነክራል፤ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም እንዳይሠሩ ሕጉ ይከለክላል። ለራሱ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ወጣት ግን አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በቅንብር ላይ ቢገኝ የሚጠይቀው ተቈጣጣሪ፣ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ቢሠራ «ዕረፍትህ የት አለ?» የሚለው ማኅበር የለም። ስለዚህ ሕጉን ራሱ ለራሱ ማውጣት ይኖርበታል።

ሁለተኛው ምክንያት የምንዳው አለመታወቅ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ርግቦች በመንቁራቸው አንድ ቁልፍ ሲመቱ ጥሬ የሚያገኙበትን መሣሪያ አዘጋጅቶ ጠባያቸውን ያጠና ነበር። ጥሬው በተወሰነ የምት ቍጥር ሲሰጣቸው፣ ርግቦቹ ጥሬውን ካገኙ በኋላ ጥቂት አረፍ ብለው እንደገና ይጀምራሉ። በስንተኛው ምት እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ግን ያለ ማቋረጥ ሲመቱ ይውላሉ። የቪዲዮ አዘጋጅም ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንዱን ቪዲዮ ሃምሳ ሰው፣ ቀጥሎ ያለውን ሃምሳ ሺህ ሰው ሊያየው ይችላል። ማን ምን እንደሚታየው የሚወስነው የመድረኩ ስሌት አሠራሩ ለአዘጋጁ ግልጽ ባለመሆኑ፣ አዘጋጁ «ምናልባት የሚቀጥለው ይሆናል» እያለ ራሱን ያለ ዕረፍት ይነዳል።

ሦስተኛው ምክንያት ለሥራው የሚቀርበው ጥሬ ዕቃ የሰውየው ገጽታና ኑሮ መሆኑ ነው። አናጢ የሠራው ወንበር ቢነቀፍ ወንበሩን ያርማል። የራሱን ፊት፣ ድምፅና ቤት የሚያሳይ ሰው ግን ነቀፋው ሥራው ላይ ሳይሆን ሰውነቱ ላይ ያረፈ ይመስለዋል። ከዚህም የተነሣ ከሥራው በኋላ የሚያርፍበት ሌላ ማንነት የሌለው እስኪመስለው ድረስ ይጨነቃል።

ከሌሎች ልምድ

ይህ ችግር ዝና ያገኙ አዘጋጆችንም አልማረም። ኤል ሚልስ የተባለች ካናዳዊት ወጣት ገና በ19 ዓመቷ ብዙ ተከታታዮች ካፈራች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በለቀቀችው ቪዲዮ የተመኘችውን ሁሉ ብታገኝም ጭንቀት እንዳሸነፋትና እንደ ዛለች ለተመልካቾቿ በግልጽ ተናገረች። ከዚህም የምንረዳው ዝለት የውድቀት ብቻ ሳይሆን የስኬትም ጎረቤት ሊሆን እንደሚችል ነው።

አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ግሪንና ወንድሙ ሃንክ ግሪን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ለአንድ ዓመት ያህል በጽሑፍ መልእክት ላይላላኩ ተስማምተው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየተራ አንዱ ለሌላው ቪዲዮ ይልክ ጀመር። በዚህ ውል ውስጥ ሁለት ብልኀቶች እናገኛለን። አንደኛ፣ ሸክሙ በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ በመዋሉ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፍ ነበር። ሁለተኛ፣ ውሉ የአንድ ዓመት ገደብ ነበረው። ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሥራውን ባይተዉትም በዚያው ፍጥነት አልቀጠሉም፤ ውሎ አድሮ በሳምንት ወደ ሁለት ቪዲዮ አወረዱት፣ በዚህም አካኼድ ለብዙ ዓመታት ዘለቁ።

እንግሊዛዊው ቶም ስኮትም እ.ኤ.አ. ከ2014 መጀመሪያ አንሥቶ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ቪዲዮ ለዐሥር ዓመት ሳያቋርጥ አቅርቧል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1 ቀን 2024፣ ሥራውን እየወደደው እንደ ደከመው ገልጾ፣ ተመልካቾቹን ተሰናብቶ ሳምንታዊ ዝግጅቱን አቆመ። በየቀኑ ሳይሆን በየሳምንቱ መሥራቱ ዐሥር ዓመት አስኬደው፤ ድካሙን በጊዜው ማወቁም በክብር ለመሰናበት አበቃው። ስለዚህ ማቆም ሁሉ ውድቀት አይደለም። ውድቀት የሚባለው ሰው መቆሚያውን ራሱ ሳይመርጥ ጉልበቱ ሲከዳው ነው።

የመዝለቂያ መንገዶች

ከላይ ከተመለከትናቸው ነጥቦች በመነሣት ለዚህ ሥራ የሚበጁ መንገዶችን በምሳሌ እናስረዳ። አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ጥያቄዎችን በአማርኛ እያብራራች የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ማዘጋጀት ጀመረች እንበል። የምትናገረውን ለመጻፍ 2 ሰዓት፣ ለቀረጻ 1 ሰዓት፣ ለቅንብር 3 ሰዓት፣ ለመልቀቅና ለተመልካቾች መልስ ለመስጠት 1 ሰዓት፣ በድምሩ 7 ሰዓት ይፈጅባታል።

በመጀመሪያ ልክን መወሰን ያስፈልጋል። ይህች ተማሪ በየቀኑ አንድ ቪዲዮ ልልቀቅ ብትል በሳምንት 49 ሰዓት ትሠራለች ማለት ነው። ይህም ሕግ ለዐዋቂ ሠራተኛ ከፈቀደው 48 ሰዓት ይበልጣል፤ ያውም ትምህርቷና የቤት ሥራዋ ሳይቈጠር! በሳምንት አንድ ብታደርገው ግን 7 ሰዓት፣ ማለትም በቀን አንድ ሰዓት ይበቃታል። ታዲያ ልኩ የሚለካው በየትኛው ሳምንት ነው? ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሥራ በቀለላቸውና ስሜታቸው በሞቀበት ሳምንት ለክተው ቃል ይገባሉ። ልክ መለካት ያለበት ግን ፈተና በተደራረበበት፣ እንግዳ በመጣበትና መብራት በጠፋበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት የሚቻለው ሥራ በማንኛውም ሳምንት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ ተመሳሳይ ሥራዎችን አሰባስቦ መሥራት ነው። እናቶቻችን በእያንዳንዱ ገበታ ጊዜ ምጣድ አይጥዱም፤ ሊጡን አብኩተው፣ ምጣዱን አንድ ጊዜ አግለው የብዙ ቀን እንጀራ ይጋግራሉ። ማገዶ የሚባክነው ምጣዱን ለማጋል ነውና። የቪዲዮም ሥራ እንዲሁ ነው። ከአንዱ የቀረጻ ሰዓት 40 ደቂቃው ክፍሉን ለማስተካከል፣ ብርሃን ለማመቻቸትና ጸጥታ ለመጠበቅ፣ 20 ደቂቃው ብቻ ለንግግሩ የሚውል ቢሆን፣ አራት ቪዲዮ በአራት ቀን መቅረጽ 4 ሰዓት ይፈጃል። አራቱን በአንድ ቅዳሜ መቅረጽ ግን 40 ደቂቃና አራት ጊዜ 20 ደቂቃ፣ በድምሩ 2 ሰዓት ብቻ ይጠይቃል። የጽሑፉም ዝግጅት በዚሁ ዓይነት በአንድነት ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ጎተራ ማበጀት ነው። አስተዋይ ገበሬ የሰበሰበውን እህል ሁሉ በመከር ወራት አይጨርስም፤ ለክረምት ያስቀምጣል። ተማሪዋም በወር አምስት ቪዲዮ አዘጋጅታ አራቱን ብትለቅ፣ በአራት ወር ውስጥ አራት ትርፍ ታከማቻለች። የፈተና ወር ሲደርስ እነዚህን አራት ቪዲዮዎች በየሳምንቱ እየለቀቀች ሙሉ ጊዜዋን ለጥናት ታውላለች። በጎተራ የሚቀመጠው ግን የማይበላሽ መሆን አለበት። የዕለት ወሬ ቶሎ ይሻግታል፤ የሒሳብ ማብራሪያ፣ ተረት ወይም የእጅ ሥራ ትምህርት ከወራት በኋላም አያረጅም።

አራተኛው መንገድ ዕረፍትን እንደ ሥራው ሁሉ በቀጠሮ መያዝ ነው። ሕዝባችን እንደየእምነቱ የዕረፍትና የበዓል ቀን አክብሮ የኖረ ነው። በተጨማሪም የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣቶች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንዲተኙ መክሯል። «ካረፍኩ ተመልካች ይሸሸኛል» የሚለው ፍርሀት ብዙዎችን ያስጨንቃል። ሆኖም የዩቲዩብ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሱዛን ዎጅሲኪ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዘጋጆች በጻፉት ደብዳቤ፣ ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ወር ያህል አርፈው የተመለሱ አዘጋጆች በአማካይ ከዕረፍታቸው በፊት ከነበራቸው የበለጠ ተመልካች እንዳገኙ ገልጸዋል። ይህ ድርጅቱ ስለ ራሱ መድረክ የሰጠው ቃል መሆኑ ባይዘነጋም፣ ፍርሀቱ ከእውነታው ሊበልጥ እንደሚችል ያሳያል።

አምስተኛው መንገድ ቍጥርን በቀጠሮ ማየት ነው። ስንት ሰው እንዳየ በየደቂቃው መመልከት ከስኪነር ርግቦች ጋር አንድ ያደርጋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ይኸውም ቪዲዮው ከተለቀቀ በኋላ ቀናት ሲያልፉ፣ ቍጥሩን መዝግቦ ትምህርት መቅሰም ይበቃል። ቀጥሎም «የትኛው ጥያቄ ይበልጥ ታየ? ሰዎች ምን እንዲብራራላቸው ጠየቁ?» ብሎ መመርመር ይጠቅማል። ስድብ ሲያጋጥም ግን መልስ ለመስጠት ሌሊቱን ማሳለፍ ለማንም አይበጅም።

በመጨረሻም ሸክምን መካፈል ያሻል። ገበሬዎቻችን በወንፈል ተረዳድተው አንዱ የሌላውን ማሳ እንደሚያርሙ፣ እንደሚያጭዱና እንደሚወቁ ሁሉ፣ አንዱ ተማሪ ቢጽፍ፣ ሌላው ቢቀርጽ፣ ሦስተኛው ቢያቀናብር ሥራው ይቀላል። አንዱ ሲታመም ወይም ሲፈተንም ሥራው አይቆምም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በከንቱ አይደለም።

ማጠቃለያ

በአንድ ወገን ሲታይ ልክ መወሰን ሥራን የሚቀንስ ይመስላል። ነገር ግን ለሦስት ወር በየቀኑ ሠርቶ የጠፋ ሰው 90 ያህል ቪዲዮ ሲኖረው፣ በየሳምንቱ አንድ የሚሠራ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ያዘጋጃል፤ ጤናው፣ ትምህርቱና ለሥራው ያለው ፍቅርም አብረውት ይኖራሉ። ተመልካች የሚለምደውም አንድ ሰሞን የሚበዛውን ሳይሆን በቀጠሮው የሚገኘውን ነው። እንግዲህ በዚህ ሥራ ለመሰማራት የሚፈልግ ወጣት አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው «ምን ያህል መሥራት እችላለሁ?» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «ምን ያህል ሠርቼ ነገም መሥራት እችላለሁ?» የሚለውን ነው።

ሐ. መልመጃዎች

መልመጃ አንድ፦ አንብቦ መረዳት

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. በድካምና በዝለት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. ፍሮይደንበርገር ለዝለት ይበልጥ የሚጋለጡት እነማን ናቸው አለ? ይህስ «ሰነፈ» ከሚለው የሰዎች አስተያየት ጋር እንዴት ይነጻጸራል?
3. የዓለም የጤና ድርጅት የዘረዘራቸውን ሦስት ምልክቶች ጻፉ።
4. ጸሐፊው ለራሱ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ወጣት «ሕጉን ራሱ ለራሱ ማውጣት ይኖርበታል» ያለው ለምንድን ነው?
5. የስኪነር ርግቦች ያለ ዕረፍት ቁልፉን የሚመቱት መቼ ነው? ከቪዲዮ አዘጋጅ ጋር የሚያመሳስላቸውስ ምንድን ነው?
6. የቶም ስኮት ሥራውን ማቆም እንደ ውድቀት ያልተቈጠረው ለምንድን ነው? እናንተስ በዚህ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።
7. ተማሪዋ በወር አምስት ቪዲዮ አዘጋጅታ ሦስት ብቻ ብትለቅ፣ አራት ትርፍ ቪዲዮ ለማከማቸት ስንት ወር ይፈጅባታል?

መልመጃ ሁለት፦ ቃላት

በ«ሀ» ሥር ለተዘረዘሩት ቃላት ተስማሚ ፍቻቸውን ከ«ለ» ሥር እየመረጣችሁ አዛምዱ።

«ሀ»
1. ዝለት
2. ምንዳ
3. ጎተራ
4. ወንፈል
5. ቅንብር
6. ይሻግታል

«ለ»
ሀ. ለሥራ የሚከፈል ዋጋ
ለ. ቈይቶ ይበላሻል
ሐ. ተራ በተራ በመረዳዳት የሚሠራ ሥራ
መ. በዕረፍት የማይለቅ የኃይል መሟጠጥ
ሠ. የእህል ማስቀመጫ
ረ. የተቀረጸውን ቈርጦና ገጣጥሞ ማዘጋጀት

ቀጥላችሁ በ«ሀ» ሥር ያሉትን ቃላት እያንዳንዳቸውን በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አስገቡ።

መልመጃ ሦስት፦ ሰዋስው

የቦዝ አንቀጽ አፍራሽ

«ደክሞ»፣ «ተኝታ»፣ «አርፈን» የመሳሰሉት ቦዝ አንቀጾች ይባላሉ። ብቻቸውን ዐረፍተ ነገር ስለማይዘጉ ሌላ ማሠሪያ አንቀጽ ይፈልጋሉ። አፍራሻቸው የሚመሠረተው «ሳ» በሚለው ፊደል ነው። «ሳይዝሉ መዝለቅ» የሚለው የምንባቡ ርዕስም የዚህ ምሳሌ ነው። በየመደቡ ሲረባ እንዲህ ይሆናል፦

እኔ ሳልደክም፣ አንተ ሳትደክም፣ አንቺ ሳትደክሚ፣ እርሱ ሳይደክም፣ እርሷ ሳትደክም፣ እኛ ሳንደክም፣ እናንተ ሳትደክሙ፣ እነርሱ ሳይደክሙ።

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በምሳሌው መሠረት ወደ አፍራሽ ለውጡ።
ምሳሌ፦ ተማሪዋ ደክማ ሥራዋን ፈጸመች። ተማሪዋ ሳትደክም ሥራዋን ፈጸመች።
1. አዘጋጁ አስቦ ቪዲዮውን ለቀቀ።
2. እኛ ተማክረን ሥራውን ጀመርን።
3. አንቺ አርፈሽ ወደ ጥናትሽ ተመለስሽ።
4. ልጆቹ ተቻኩለው ቀረጻውን አበቁ።
5. እኔ ጽፌ መናገር ጀመርኩ።

መልመጃ አራት፦ ድርሰት

ከሚከተሉት ርዕሶች አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት ዋና ዋና ነጥቦቻችሁን በቅደም ተከተል መዝግቡ።
1. ከትምህርት ውጭ የምሠራው ሥራና የሳምንት ጊዜዬ አከፋፈል። (የእያንዳንዱን ሥራ ሰዓት በቍጥር ግለጹ።)
2. በጓደኞች ወንፈል ሊዘጋጅ የሚችል አንድ የቪዲዮ ዝግጅት፤ ርዕሱ፣ የሥራ ክፍፍሉና የጎተራው እቅድ።
3. «ትጋት ያለ ልክ ምን ያስከትላል?» በአካባቢያችሁ ካያችሁት የሥራ ዓይነት ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አስረዱ።